ውዳሴ ማይ፤ ከአጋሚም ደጅ

ውዳሴ የሚገባው ማይ፣ ከብርሃን አስቀድሞ በኦሪት የተጠራ፣ ከፀሓይና ከጨረቃ አስቀድሞ በፍጥረት መዝገብ የተጻፈ፤ መሠረተ ሕይወት፣ ማኅደረ ሕይወት፣ ጽዋዐ ሕይወት ውኃ! ቀለም ሳይኖረው ቀለማትን ሁሉ የሚያሳይ፤ ቅርጽ ሳይኖረው ቅርጾችን ሁሉ የሚሞላ፤ ጣዕም ሳይኖረው ጣዕሞችን ሁሉ ወደ ምላስ የሚያደርስ። ነገሥታት በዙፋናቸው ከፍታ ይከብራሉ፤ እርሱ በዝቅታው ከበረ። ተራሮች በመቆም ይገንናሉ፤ እርሱ በመውረድ ገነነ። ጎድጓዳውን ስፍራ ይሻል፤ በተናቀው ሸለቆ ያድራል፤ በተኛበትም ስፍራ ሰማይ ወርዶ ፊቱን ያይበታል።

በእስራኤል፣ በታላቁ ባሕር በሜዲትራኒያን ዳር፣ በጥንታዊቱ በአስቀሎና ከተማ፣ አጋሚም የሚባል ሰፈር አለ። አጋሚም በዕብራይስጥ ሐይቆች ማለት ነው። ብዙ መንደሮች በጀግና ይሰየማሉ፤ ብዙ አደባባዮች በድል ቀን ይጠራሉ፤ ይህ ሰፈር ግን ሰይፍ ባልመዘዘ፣ ምርኮ ባልሰበሰበ፣ ሁሉን አጥቦ ራሱ ባልታበየ ጌታ ስም ከበረ። ከዚህ ስም ደጅ ቆሜ፣ ጫማዬን በልቡናዬ አውልቄ፣ የማይን ምስጋና እናገራለሁ።

ግእዝ ውኃን ማይ ይለዋል፤ ዕብራይስጥ ማይም ይለዋል። የሁለቱን ልሳናት ዝምድና ሊቃውንት በብዙ መጻሕፍት ይተርካሉ፤ የተጠማ ሰው ግን በአንዲት ቃል ያውቀዋል። በጎንደርና በስሜን ተራሮች ኦሪትን በግእዝ ሲያነብቡ የኖሩ የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቄሶች ወደ ተስፋዪቱ ምድር በደረሱ ጊዜ ብዙ ነገር ባዕድ ሆኖባቸው ነበር፤ ልሳኑ ባዕድ፣ ሥርዐቱ ባዕድ፣ የቤቱ በርና መስኮት እንኳ ባዕድ። ማይ ግን ስሙን ሳይለውጥ፣ አንዲት ፊደል ብቻ ደርቦ፣ ከደጅ ቆሞ ተቀበላቸው።

የዚህ ጌታ ህላዌ ረቂቅ ነው፤ ትውልዱም ዕፁብ ነው። አባቶቻችን ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት፣ አንዱ አድርገው አከበሩት። ዘመን ተሻግሮ የእንግሊዙ ሊቅ ሄንሪ ካቨንዲሽ ተቀጣጣዩን አየር በእሳት ለኩሶ በዕቃው ውስጥ ጤዛ አገኘ፤ የፈረንሳዩ ሊቅ አንቷን ላቯዚዬም እ.ኤ.አ. በ1783 ውኃ የሁለት ባሕርያት ውሕደት መሆኑን ለዓለም አስታወቀ። የእሳት ባላጋራ ሲባል የኖረው ከእሳት የተወለደ ሆኖ ተገኘ። ሃይድሮጅን ነድዶ የሚተወው ዐመድ ውኃ ነው። እንግዲህ ነበልባልን ማጥፋቱ የጠላት ሥራ አይምሰለን፤ የደከመ አባቱን የሚያሳርፍ የደግ ልጅ ሥራ ነው።

ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክሲጅን፤ ቤተ ሰቡ ይህ ብቻ ነው። ሦስቱ ግን በቀጥታ መስመር አልተሰለፉም። ሁለቱ ሃይድሮጅኖች በ104.5 ዲግሪ ማእዘን ጎንበስ ብለው በኦክሲጅን ግራና ቀኝ ቆመዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀጥ ብሎ ተፈጠረ፤ ቀጥ ብሎም በአየር ተበተነ። ውኃ እጅ ነሥቶ ተፈጠረ፤ እጅ ነሥቶም ባሕር ሆነ። ያች ጥቂት ማጎንበስ አንዱን ወገኑን አሉታዊ፣ ሌላውን ወገኑን አዎንታዊ ጠባይ አለበሰችው፤ ስለዚህ የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን የሌላውን ኦክሲጅን ይፈልጋል፤ የሌላውም የሌላውን። ይያያዛሉ፤ በጥቂት የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ክፍልፋዮች ውስጥ ይለያያሉ፤ ተለያይተው ሳያድሩ ደግሞ ይያያዛሉ። ብርቱ ማሰሪያ ቢሆን ኖሮ ውኃ ድንጋይ በሆነ፤ ደካማ ማሰሪያ ቢሆን ኖሮ ውኃ ነፋስ በሆነ። በመያዝና በመልቀቅ መካከል፣ በፍቅርና በነጻነት መካከል፣ በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ወንዝ ይፈስሳል።

ከዚህ ማጎንበስ የሚወለደው ክብር ተቈጥሮ አያልቅም። ሌላው ፍጥረት አብዛኛው ሲቀዘቅዝ ይኰማተራል፤ እርሱ እስከ 4 ዲግሪ ድረስ ይኰማተርና ከዚያ ወዲህ ይሰፋል፤ በረዶ በሆነም ጊዜ ዘጠኝ በመቶ ያህል ሰፍቶ በላይ ይንሳፈፋል። የሰሜን ሐይቆች በክረምት ከላይ ሲቈለፉ ዓሦቻቸው ከታች በሕይወት የሚከርሙት ስለዚህ ነው። አንድ ግራም ውኃ በአንዲት ዲግሪ ለመሞቅ 4.18 ጁል ሙቀት ይጠጣል፤ ለብረት ከዚህ አንድ ዘጠነኛው ይበቃዋል። ቍጣው የዘገየ፣ ይቅርታውም የዘገየ ጌታ ነው፤ የበጋውን ግለት በሆዱ አኑሮ በክረምት ለዳርቻው ሕዝብ ይመጸውታል። በአስቀሎና የክረምት ሌሊት ሰው በባሕሩ ዳር ሲሄድ የሚሰማው ለዘብተኛ አየር ከሐምሌና ከነሐሴ የተረፈ ቅርስ ነው።

ሕይወት ያለው ሥጋ ሁሉ በአራት ታላላቅ ነገዶች ተሠርቷል፤ በካርቦሃይድሬት፣ በቅባት፣ በፕሮቲንና በኑክሊክ አሲድ። እነዚህ መኳንንት ናቸው፤ ማይ ግን ንጉሣቸው ነው። ንጉሥነቱም እንደ ምድር ነገሥታት አይደለም፤ ሹመት ሲሰጥ ራሱን ያስወጣል፤ ሹመት ሲሽር ራሱን ያገባል።

ይህን ምሥጢር ለማየት ወደ ቤተ ሙከራ መሄድ አያሻም፤ ወደ ቡሖ ዕቃው መቅረብ ይበቃል። በጤፍ ፍሬ ውስጥ ስታርች አለ፤ ስታርች ማለት እልፍ የግሉኮስ ሞለኪውሎች የተያያዙበት ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ ቀለበት ከጎረቤቱ ጋር በተጋጠመ ጊዜ ከመካከላቸው አንድ የውኃ ሞለኪውል ወጥቶ ሄዷል። ባለቤት ለእንግዳ ወንበሩን እንደሚለቅ፣ ማይ ለሁለቱ መጋጠሚያ ስፍራውን ለቀቀ። ስለዚህ ደረቅ ዱቄት ማለት ውኃ የተሰናበተበት ቤት ነው፤ ዝም ያለ፣ የተዘጋ፣ የሚጠብቅ። ወይዘሮዪቱ ውኃ ስታፈስስበት የተሰናበተው ጌታ ይመለሳል። እርሾው ይነቃል፤ በእርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቃን ፍጥረታት ይነሣሉ፤ ኢንዛይሞች ሰንሰለቱን ሲበጥሱ በእያንዳንዱ ቍርጥ ላይ አንድ የውኃ ሞለኪውል ይገባል። ማይ ለመጋጠም ይወጣል፤ ለመለያየት ይገባል። በሠርግም በሐዘንም የማይቀር ዘመድ ማለት እርሱ ነው።

ከዚያም ሊጡ ሁለትና ሦስት ቀን አርፎ በላዩ ላይ ቢጫ ውኃ ያጠልላል፤ ውኃው ይቀነሳል፤ ከሊጡም ጥቂቱ ተቀንሶ በፈላ ውኃ ይገነፋል፤ አብሲት ይጣላል። ይህች የእናቶች ጥበብ ትልቅ ጥበብ ናት። በሙቀት ውስጥ የስታርች ቅንጣቶች ውኃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ ሰንሰለታቸውን ፈትተው ውኃውን ያቅፋሉ፤ ለሊጡም ግሉተን ያልሰጠውን መያያዝ ይሰጡታል። ምጣዱ ሲግል የተሰወረው አየር ወደ ላይ ይሸሻል፤ በሄደበትም ዐይን ትቶ ያልፋል። በእንጀራ ላይ ያሉ እልፍ ዐይኖች ሁሉ ውኃና አየር የተሰነባበቱባቸው ደጆች ናቸው። የኬሚስትሪ መምህር ይህን በሰሌዳ ላይ በብዙ መስመር ይጽፈዋል፤ እናቶች ግን ያለ ሰሌዳ አደረጉት፤ እኔም ከሁለቱ የማን ሊቅነት እንደሚበልጥ ለመፍረድ አልቸኵልም።

ቅባት በዚህ አደባባይ የተለየ ጠባይ አለው፤ ውኃን ይሸሻል። ቅቤ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ አይዋሐድም። ነገር ግን የዐመፀኛው ሽሽት እንኳ ለንጉሡ ክብር ዋለ። ፎስፎሊፒድ የሚባለው የቅባት ወገን ራሱ ውኃን የሚወድድ፣ ጅራቱ ውኃን የሚሸሽ ነው፤ በውኃ መካከል በተጣለ ጊዜ ጅራቶቹን ወደ ውስጥ ሰውሮ፣ ራሶቹን ወደ ውጭ አሰልፎ፣ ድርብ ግድግዳ ይሆናል። ያ ግድግዳ የሕዋስ ቅጥር ነው። አናጢ አልሠራውም፤ ግንበኛ አላቆመውም፤ ውኃ ገፋው፣ በመገፋቱም ቤት ሆነ።

ስለ ፕሮቲን ምን ልበል? ሃያ አሚኖ አሲዶች ፊደሎቹ ናቸው፤ ከእነርሱ የማይጻፍ የለም፤ ጡንቻና ጠጕር፣ የዐይን ብርሌና የእባብ መርዝ። ደማችንን የሚያቀላው፣ ከሳንባ ወደ እግር ጣት እስትንፋስን የሚያጓጕዘው ሄሞግሎቢን በአራት ሰንሰለት 574 አሚኖ አሲዶችን ይዟል፤ አንዱ ሄሞግሎቢን ሲሠራ 570 የውኃ ሞለኪውሎች ከመጋጠሚያዎቹ ተለቅቀው ይወጣሉ። እነዚያ የወጡት ግን ርቀው አይሄዱም። በዙሪያው ቆመው ውኃ የሚሸሹትን ክፍሎች ወደ ውስጥ ይሰበስባሉ፤ ውኃ የሚወድዱትን ወደ ውጭ ይገልጣሉ፤ ሰንሰለቱም ተጠቅልሎ መልኩን ያገኛል። ከቤቱ የወጣው ጌታ በውጭ ቆሞ ቤቱን ያጸናል። እንዲህ ያለ ሥልጣን በየትኛው ቤተ መንግሥት ተሰማ?

የፕሮቲንም መሥሪያ ራይቦዞም ነው። በኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በ1939 የተወለዱት፣ በረሖቦት ከተማ በዋይዝማን ተቋም የደከሙት ሊቅት አዳ ዮናት የዚህን መሥሪያ መልክ ለማየት ዓሠርት ዓመታት ፈጅተዋል፤ ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋርም እ.ኤ.አ. በ2009 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ራይቦዞሙን ካገኙባቸው ፍጥረታት አንዱ በሙት ባሕር ውስጥ የሚኖር ረቂቅ ነፍስ ነው። ባሕሩን ሙት ብለን ስም አወጣንለት፤ ማይ ግን በዚያም ሕያው ሰውሮ ተገኘ። በአፋር ምድር በዳሎል ግን ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች ጨው፣ አሲድና ግለት አንድ ላይ በጠነከሩባቸው ኵሬዎች ሕይወት እንደሌለ አስታወቁ፤ ሌሎች ደግሞ ጥቂት ፈለግ አይተናል ብለው ተከራከሯቸው። ክርክሩ ይቀጥል። ማይ በሌለበት ሕይወት እንደሌለ ግን ሁለቱም ወገን አልተከራከረበትም።

ኑክሊክ አሲድም የትውልድ መጽሐፍ ነው፤ በአራት ፊደላት የተጻፈ፣ በሁለት ሐረግ የተጠመዘዘ። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የዲኤንኤን ክር በኤክስሬይ ስትመረምር ሁለት መልክ እንዳለው አየች፤ ሲደርቅ አጥሮ ይወፍራል፤ ሲረጥብ ረዝሞ ይቀጥናል። እ.ኤ.አ. በ1952 በእርሷ ቤተ ሙከራ የተነሣውና የተጠመዘዘውን ሐረግ ቅርጽ የገለጠው ዝነኛ ሥዕል የረጠበው ክር ሥዕል ነው። የአባት ቅርስ፣ የእናት መልክ፣ የልጅ ልጅ ዐይን ቀለም የተጻፈበት መጽሐፍ ማይ ካልዳሰሰው በቅርጹ አይነበብም።

የጐልማሳ ሰው ሥጋ ከክብደቱ ስድሳ በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። እስትንፋሳችንም የእርሱ ነው፤ ዕፀዋት በፀሓይ ብርሃን የሚለቁት ኦክሲጅን ውኃ ተሰንጥቆ የሚወጣ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1941 በተደረገ ምርመራ ታውቋል። እንግዲህ ስንጠጣም እርሱን፣ ስንተነፍስም የእርሱን።

አሁን ወደ ዐባይ ልመለስ፤ ስለ ማይ ተናግሮ ዐባይን የሚያልፍ አማርኛ የለም። በጎጃም በሰከላ ከግሽ ዓባይ ምንጭ የሚነሣ፣ ወደ ጣና የሚገባ፣ ከጣና የሚወጣ፣ የተራራውን አፈር በጫንቃው ተሸክሞ የሚሰደድ ታላቅ መንገደኛ! ግብፅ ከሚደርሰው የዐባይ ውኃ ከ80 በመቶ በላይ የሆነው፣ ከደለሉም አብዛኛው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው። ስለ እርሱ ማደሪያ የለሽነት አገር ሁሉ ይተርታል፤ ግንድ ይዞ ሲዞር ይኖራል ይላል። ተረቱ ግን ፍጻሜውን አላየም። ዐባይ በግብፅ አፉን ከፍቶ ወደ ታላቁ ባሕር የተፋውን አሸዋ የባሕር ሞገድ ተቀብሎ በሲና ጠረፍ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ይነዳዋል፤ በጋዛ፣ በአስቀሎና፣ በያፋ ዳርቻ እያነጠፈ እስከ ሀይፋ ወሽመጥ ያደርሰዋል። የምድር ሊቃውንት የዚህ ጠረፍ አሸዋ የዐባይ ስጦታ መሆኑን ይመሰክራሉ። የአስቀሎና ሕፃናት በእጃቸው የሚያፍሱት፣ የባሕሩ ነፋስ ኮረብታ አድርጎ የሚቈልለው አሸዋ የዐባይ ስንቅ ነው። ማደሪያ የሌለው የተባለው እነሆ እዚህ አደረ።

ስለዚህ ቤተ እስራኤል ወደዚህ ጠረፍ በመጡ ጊዜ ወንዛቸው ቀድሟቸው ነበር። ብዙ ሺህ ዓመታት ቀድሟቸው መሬቱን አነጠፈ፤ ወለሉን ሠራ፤ ጠበቃቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ታላቅ ግድብ ከተፈጸመ ወዲህ ደለሉ በግድቡ ስለሚቀር ስጦታው እጅግ ቀንሷል፤ የተነጠፈው ግን ተነጥፏል።

ይህ ሕዝብ በማይ ፊት የነበረውን ክብር ማን ጽፎ ይጨርሰዋል? በወንዝ ዳር ሰፈረ፤ በወንዝ ሥርዐት ኖረ። ሴቲቱ በሥርዐቷ ቀን ከቤቷ ተለይታ በመርገም ጎጆ ሰባት ቀን ተቀመጠች፤ ፀሓይ ሲያዘቀዝቅ ወደ ወንዝ ወርዳ ታጥባ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ወንድ ልጅ የወለደች እናት በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ የወለደች በ80 ቀን ወደ ወንዙ ወረደች። ከባዕድ ጋር የተነካካ ታጠበ፤ ከበዓል አስቀድሞ ሁሉ ታጠበ። ወንዶቹ ብረት ቀጥቅጠው በውኃ አጠነከሩ፤ በወለቃ መንደር ሴቶቹ ሸክላውን በውኃ አቡክተው ማሰሮና ጀበና አደረጉ። ጎረቤቶቻቸው ይህን አይተው አፌዙባቸው፤ «ውኃ ውኃ ይሸታሉ» አሏቸው።

ይህን ስድብ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ከስድብ ሁሉ ይህን ያህል የከበረ አልሰማሁም። ሰው በሽቶ ይመሰገናል፤ ሰው በዕጣን ይመሰገናል፤ አንድ ሕዝብ ግን በውኃ ሽታ ተነቀፈ፤ ንጹሕ ውኃም ሽታ የለውም። ተሳዳቢው ሊያዋርድ አፉን ከፈተ፤ ሳያውቅም አክሊል ጫነላቸው።

እነዚህ የውኃ ሰዎች ግን ውኃ በሌለበት ተፈተኑ። በ1970ዎቹ ማለቂያና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአውሮጳ አቆጣጠር፣ ከጎንደር፣ ከወልቃይት፣ ከስሜን ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ። ከደጋ ወደ ቈላ፣ ከምንጭ ወደ አሸዋ፣ ሌሊት እየተጓዙ ቀን እየተሸሸጉ። በዚያ መንገድና በስደተኞች ሰፈር በጥማት፣ በረኃብና በደዌ 4,000 ያህል ሰዎች እንዳለቁ ይነገራል፤ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያቸው ቆሟል። ቅምጫና ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ውኃ ለሕፃን አጠጥቶ የራሱን ከንፈር ያደረቀ አባት፣ ሽማግሌዋን እናት ለማርጠብ ነጠላዋን በጤዛ የነከረች ልጅ፣ እነዚህ ከሊቃውንቱ ሁሉ በላይ የማይን ዋጋ ያወቁ ናቸው። እኔ በቀለም እመሰክራለሁ፤ እነርሱ በጉሮሯቸው መሰከሩ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በአውሮፕላን ተሻገሩ፤ ወንዙ በእልፍ ዓመት የሄደውን መንገድ እነርሱ በሰዓታት ጨረሱት።

የተቀበለቻቸውም አስቀሎና ከጥንት የውኃ ወዳጅ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1850 ዓመት ገደማ የተሠራው የከነዓናውያን የቅስት በር እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ጥንታዊው ኮረብታም በጕድጓድ ውኃ የታወቀ ነው። ሄሮድስ በዚህች ከተማ መታጠቢያ ቤቶችንና ያማሩ የውኃ ምንጮችን እንዳሠራ ታሪክ ጸሐፊው ፍላቪየስ ዮሴፍ ጽፏል። ሽንኩርቷም በሮማውያን ዘመን ዝነኛ ስለነበረ በብዙ ልሳናት የዚያ ሽንኩርት ወገን ስሙን ከአስቀሎና ወሰደ፤ የሐበሻ ሽንኩርት ከዚያው ወገን ነው፤ የወጣችን መሠረት ሳናውቀው የዚህችን ከተማ ስም ተሸክሞ ኖሯል።

በዘመናችንም በዚህች ከተማ ታላቅ ነገር ተደረገ። ሲድኒ ሎብ የሚባሉ ሊቅ በአሜሪካ ከስሪኒቫሳ ሱሪራጃን ጋር ጨውን ከውኃ የሚለይ ስስ ገለፈት ሠርተው ነበር፤ ኋላም በቤርሳቤህ በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአስቀሎና ጠረፍ ይህን ጥበብ የተመረኰዘ ታላቅ የባሕር ውኃ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ፤ በዓመት 118 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ጣፋጭ ውኃ ያወጣል፤ በተከፈተ ጊዜም በዓይነቱ ከዓለም የበላይ ነበር። የባሕሩ ውኃ ከአየር ግፊት ከ50 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ወደ ገለፈቱ ይገፋል፤ ጨው ይቀራል፤ ማይ ያልፋል። ሙሴ ዕንጨት ጥሎ መራራውን ውኃ አጣፈጠ፤ መሐንዲሶች ገለፈት ዘርግተው ባሕሩን አጣፈጡ። የጠበበውን በር ሁሉ አያልፈውም፤ ማይ ግን አለፈ።

ነገር ግን ፍጹም ንጽሕናም ጕድለት አለው። ገለፈቱ ጨውን ሲያስቀር ማግኒዥየምንም አብሮ አስቀረ። እ.ኤ.አ. በ2007 የእስራኤል ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ስለዚሁ ስለ አስቀሎና ውኃ ሲጽፉ በዚህ ውኃ የሚለማ ሰብል በማግኒዥየም እጦት እንደሚጎዳ አስታወቁ። በእያንዳንዱ አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ፣ ብርሃንን በሚቀበለው በክሎሮፊል ልብ ውስጥ፣ በአራት ናይትሮጅኖች የተከበበ አንድ ማግኒዥየም ተቀምጧል፤ እርሱ ከሌለ ቅጠል ይገረጣል። ማይ እንግዲህ ብቻውን የመጣበት ጊዜ የለም። ድንጋዩን እያጠበ፣ ተራራውን እየላሰ፣ ማዕድኑን በዕቅፉ ይዞ ይመጣል፤ ከተለያቸው ራሱ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ ልጆቹ ግን ይራባሉ። ዐባይ ግንድ ይዞ መዞሩ ነቀፋ ሆኖ መተረቱ ዛሬ ያሳዝነኛል። ሸክሙ ክብሩ ነበር።

ማይ ሆይ፣ እጅ ነሥተህ የተፈጠርህ፣ ወንበርህን ለቅቀህ የነገሥህ፣ ጭነትህን ይዘህ የተሰደድህ፣ በአጋሚም በስምህ የተጠራህ! ለአንተ የሚሰግድ የለም፤ ስግደት ለፈጣሪህ ብቻ ነውና። ስግደትን ግን ካንተ ተምረናል።

ከስርየት ቀን፣ ከዮም ኪፑር፣ ጀምሮ ሲቈጠር በ50ኛው ቀን፣ በሔሽቫን ወር በ29ኛው ቀን፣ የስግድ በዓል ይውላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ነው። በአበው ዘመን ሕዝቡ በዋዜማው በወንዝ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ ወደ ተራራ ይወጣ ነበር። ዛሬ ከአስቀሎናም ከሌላውም ከተማ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣል፤ ቄሶቹ ኦሪትን በግእዝ ያነብባሉ፤ ሕዝቡ ከማለዳ ጀምሮ እህልም ውኃም ሳይቀምስ ይሰግዳል። ከቀትር በኋላ ጾሙን ፈትቶ ከኮረብታው ይወርዳል፤ ውኃም ይጠጣል።